ማን ይቅደም? አሠልጣኙ ወይስ አለቃው?

ቅጠል ረግፎ ብርዱ መግባት ሲጀምር በየዓመቱ አሜሪካ ውስጥ የሚነሣ አንድ ወሬ አለ። የአንዱ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን ይሸነፋል፣ እንደገና ይሸነፋል፣ አሠልጣኙም ይባረራል። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ አሠልጣኙን የቀጠረው የስፖርት ክፍል የበላይ ኃላፊ ተከትሎት ይወጣል። ሁለት ወንበር በአንድ ጊዜ ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ጋዜጣውም፣ ራዲዮውም፣ ጸጉር አስተካካዩም በአንድ ጥያቄ ይጠመዳሉ። በቅድሚያ መቀጠር ያለበት ማነው? ቡድኑን ሜዳ ላይ የሚመራው አሠልጣኝ ነው ወይስ አሠልጣኙን ራሱን የሚያዘው አለቃ?

«ፈረንጅ በኳሱ ይጨነቅ፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ ግን ቤታችን ከገባ ሰንብቷል። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥቶ ኮሌጅ ፓርክ ወደሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ለመድረስ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ልጆቻችን እዚያ ይማራሉ። ወላጅ ከሚከፍለው ሒሳብ ውስጥ፣ ልጁ ኳስ ይጫወት አይጫወት፣ ለስፖርት ክፍሉ የምትሄድ መዋጮ አለች። ልጄ ቁመትና ጉልበት ስለታደለ በስፖርት ስኮላርሺፕ ይማርልኛል ብሎ ተስፋ የሚያደርግ ቤተሰብም በመካከላችን አለ። ስለዚህ የዚያ ወንበር ነገር የእኛም ነገር ነው።

ወደ ጉዳዩ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እዚህ ላይ ፉትቦል የምንለው እኛ ያደግንበትን እግር ኳስ አይደለም። ተጫዋቹ የራስ ቁር ደፍቶ፣ እንቁላል የመሰለውን ኳስ በእጁ ታቅፎ የሚሮጥበትና የሚጋጭበት የአሜሪካኖቹ ጨዋታ ነው። ዓመቶቹም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱ ወንበሮች

አሜሪካኖች «አትሌቲክ ዲሬክተር» የሚሉትን ሰው በአጭሩ የስፖርት ዲሬክተር እንበለው። የዩኒቨርሲቲው ስፖርት በሙሉ በእጁ ነው። ፉትቦሉ፣ ቅርጫት ኳሱ፣ ዋናው፣ ሩጫው፣ የሴቶቹም የወንዶቹም ቡድን ከእርሱ ሥር ናቸው። በጀት ይደለድላል፤ አሠልጣኝ ይቀጥራል፣ ያሰናብታል፤ ከባለገንዘብ ደጋፊዎች ጋር ይነጋገራል፤ ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የተባለው የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ያወጣውን ደንብ ያስከብራል። ቴሌቪዥን ላይ ግን ብዙም አይታይም። እዚያ የሚታየው አሠልጣኙ ነው።

የዚህ ሥራ አስቸጋሪነት የሚጀምረውም እዚህ ላይ ነው። በብዙ ስቴቶች ከመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ከፍተኛውን ደመወዝ የሚበላው አገረ ገዥው ወይም የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ሳይሆን የፉትቦል ወይም የቅርጫት ኳስ አሠልጣኙ ነው። ምንዝሩ ከአለቃው በብዙ እጥፍ ይከፈለዋል ማለት ነው። ስሙ ከአለቃው ስም ይበልጥ ይታወቃል። ስታዲየም ሙሉ ሕዝብ የሚጮኸው ለእርሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ተው፣ ይህ አይሆንም» ለማለት የሚችል አለቃ ሥልጣኑ ከወረቀት አልፎ በሁሉም ዘንድ የታወቀ መሆን አለበት።

በቅርቡ ደግሞ ሥራው ይበልጥ ከብዷል። በጁን 2025 በፌዴራል ፍርድ ቤት በጸደቀው ስምምነት መሠረት ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ ገንዘብ መክፈል ተፈቅዶላቸዋል። ለ2025-26 የትምህርት ዓመት ጣሪያው ለአንድ ዩኒቨርሲቲ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ከዚህ ውስጥ ለፉትቦሉ ስንት፣ ለሴቶቹ ቡድን ስንት፣ ለሯጮቹ ስንት ተብሎ መከፋፈል አለበት። አከፋፋዩ ዲሬክተሩ ነው። አሠልጣኙማ ቢጠየቅ ሁሉንም ለእኔ ማለቱ አይቀርም፤ እንዲያ ባይልም ሥራውን አያውቅም ያሰኘዋል።

የቸኳዮቹ ክርክር

አሠልጣኙ ይቅደም የሚሉት ወገኖች ክርክራቸው የሚናቅ አይደለም። የቀን መቁጠሪያውን አውጥተው ያሳያሉ። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለዩኒቨርሲቲ ለመጫወት በብዛት የሚፈርሙት በዲሴምበር መጀመሪያ ላይ ነው። ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው መዛወር የሚፈልጉ ተጫዋቾች ደግሞ በሩ የሚከፈትላቸው በጃንዋሪ መጀመሪያ ነው። በእነዚያ ሳምንታት አሠልጣኝ የሌለው ዩኒቨርሲቲ በገበያ ቀን ሱቁን እንደዘጋ ነጋዴ ነው። ጥሩ ጥሩው አሠልጣኝ በሌሎች ይወሰዳል። ያሉትም ተጫዋቾች ሻንጣቸውን ያስራሉ። ዲሬክተር ለመፈለግ ኮሚቴ ይቋቋም፣ ማስታወቂያ ይውጣ፣ ቃለ መጠይቅ ይደረግ ሲባል ክረምቱ ያልቃል።

ምስክርም ይጠራሉ። ዋናው ምስክራቸው ሚሺጋን ነው። በኦክቶበር 31 ቀን 2014 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ዲሬክተር ዴቭ ብራንደን ሥራውን ለቀቀ። በቦታው በተጠባባቂነት የተቀመጠው ጂም ሃኬት ነው። ሃኬት የአንድ ትልቅ የቢሮ ዕቃ ፋብሪካ ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበረ፣ በወጣትነቱም ለሚሺጋን ፉትቦል የተጫወተ ሰው ነበር። እርሱም አሠልጣኙን ብሬዲ ሆክን አሰናበተና በዲሴምበር 30 ጂም ሐርቦን ቀጠረ። ቋሚው ዲሬክተር ዋርድ ማኑኤል የተሾመው ከዓመት በላይ ቆይቶ በጃንዋሪ 2016 ነው። ሐርቦ በጃንዋሪ 8 ቀን 2024 ዋሺንግተንን 34 ለ13 አሸንፎ ሚሺጋንን የአገሪቱ ሻምፒዮን አደረገ። «አሠልጣኙ ቀደመ፣ ምን ጎደለ?» ይላሉ።

ይህ ምሳሌ ግን ጠጋ ብለው ሲያዩት የሚናገረው ሌላ ነው። ሃኬት ተጠባባቂ ይባል እንጂ ወንበሩ ባዶ አልነበረም። አሠልጣኝ የማባረርም፣ የመቅጠርም፣ ውል የመፈረምም ሥልጣን ተሰጥቶት ነበር፤ ሦስቱንም አድርጓል። የተቀጠረውም ሰው ሚሺጋን ተጫውቶ ያለፈ፣ በፕሮፌሽናሉ ሊግ ቡድኑን እስከ ዋንጫው ጨዋታ ያደረሰ፣ ማንም የማይከራከርበት እጩ ነበር። ሁሉም ዩኒቨርሲቲ ሐርቦ የሚባል ልጅ የለውም። ያም ሆኖ ታሪኩ ያለ ጠባሳ አላለቀም። ሐርቦ በሻምፒዮናው ዓመት ከመደበኛዎቹ 12 ጨዋታዎች ስድስቱን ታግዶ ከሜዳ ውጭ አሳልፏል። ዋንጫውን ባነሣ በወሩ ደግሞ ወደ ፕሮፌሽናሉ ሊግ ተመለሰ። በኦገስት 2024 ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. የአራት ዓመት ቅጣት ጣለበት።

ዘጠኝ ቀን

ጊዜ የለም ለሚሉት ሰዎች የሚሰጠው መልስ ቴኔሲ ውስጥ ይገኛል።

በኖቬምበር 2017 የቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኙን አባረረ። ዲሬክተሩ ጆን ከሪ ሥራውን ከያዘ ገና ዓመት አልሞላውም። ግሬግ ሺያኖን ሊቀጥር ተስማምቶ ሳለ ደጋፊውም፣ የስቴቱ ፖለቲከኞችም በአንድ ቀን ተነሥተው ስምምነቱ ፈረሰ። በዲሴምበር 1 ከሪ ራሱ ታገደ። በዚያው ዕለት ወንበሩን የያዘው ፊሊፕ ፉልመር ነው። ፉልመር በ1998 የውድድር ዘመን ቴኔሲን ሻምፒዮን ያደረገ፣ በኋላም እዚያው የተሰናበተ የቀድሞ አሠልጣኝ ነበር። በስድስተኛው ቀን ጄረሚ ፕሩዊትን ቀጠረ።

በወረቀት ላይ ከታየ እዚህም ዲሬክተሩ ከአሠልጣኙ ቀድሟል። ዳሩ ግን ዲሬክተሩ የተሾመው በግርግር መካከል፣ ቶሎ አሠልጣኝ እንዲያመጣ ነበር። አባቶቻችን ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ። ፕሩዊት በሦስት ዓመት 16 ጨዋታ አሸንፎ 19 ተሸነፈ። በምልመላ ጊዜ ደንብ ተጥሷል የሚል ምርመራ ተከፈተና በጃንዋሪ 18 ቀን 2021 ተባረረ። ፉልመርም ጡረታ መውጣቱን በዚያው ቀን አስታወቀ። በጁላይ 2023 ኤን.ሲ.ኤ.ኤ. 18 ከባድ ጥሰቶች ቆጥሮ ዩኒቨርሲቲውን ከ8 ሚሊዮን ዶላር በላይ ቀጣው።

በጃንዋሪ 2021 እንግዲህ ሁለቱም ወንበር ባዶ ሆኗል። ወሩ ለምልመላ የሚሮጥበት ወር ነው። የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር ዶንዴ ፕላውማን ግን መጀመሪያ ዲሬክተር ብላ ቆረጠች። በጃንዋሪ 21 ዳኒ ኋይት ከሴንትራል ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ መጣ። በጃንዋሪ 27 ደግሞ ኋይት አሠልጣኙን ጆሽ ሃይፕልን ከዚያው ከሴንትራል ፍሎሪዳ አስመጣ። ከማባረር እስከ መቅጠር ዘጠኝ ቀን ብቻ ፈጀ። በኦክቶበር 2022 ቴኔሲ አላባማን 52 ለ49 አሸነፈ፤ ዓመቱንም 11 አሸንፎ ሁለት ብቻ ተሸንፎ ጨረሰ።

«ይህ እኮ ዲሬክተሩ አሠልጣኙን በኪሱ ይዞት ስለመጣ ነው» ቢባል እውነት ነው። ዲሬክተር የሚቀጥር ዩኒቨርሲቲ ሰውየው የሚያውቃቸውንም ሰዎች አብሮ እየቀጠረ መሆኑን መርሳት የለበትም። ቢሆንም ኋይት ሃይፕልን ለሦስት ዓመት አብሮት ሠርቶ ያውቀው ነበር። በሦስት ሰዓት የሆቴል ቃለ መጠይቅ ከሚመርጥ ኮሚቴ ይህ ሳይሻል አይቀርም።

ካንሳስ ደግሞ ከዚህም የባሰ ቀን ገጥሞት ታግሷል። በማርች 2021 አሠልጣኙ ሌስ ማይልስ በቀድሞው መሥሪያ ቤቱ ስለነበረው ጠባይ ሪፖርት ወጥቶ ተሰናበተ። የቀጠረው ወዳጁ ዲሬክተር ጄፍ ሎንግም በሁለተኛው ቀን ለቀቀ። የጸደይ ልምምድ እየደረሰ ነው፤ አሠልጣኝ የለም፤ አለቃም የለም። ካንሳስ ቡድኑን ለጊዜያዊ አሠልጣኝ ሰጥቶ ዲሬክተር ፈለገ። በኤፕሪል 5 ትራቪስ ጎፍ ተሾመ። በኤፕሪል 30 ጎፍ ላንስ ላይፖልድን ከበፋሎ ዩኒቨርሲቲ አመጣ። በኮሌጅ ፉትቦል ልማድ ኤፕሪል አሠልጣኝ የሚቀጠርበት ወር አይደለም። ሆኖም በ2020 አንድም ጨዋታ ያላሸነፈው ካንሳስ በ2023 ዘጠኝ አሸንፎ አራት ተሸነፈ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለው ተረት ካንሳስ ውስጥ አልደረሰም።

ቅደም ተከተል ብቻውን አያድንም

እዚህ ላይ ተቃራኒውን ምሳሌ መደበቅ አይገባም። ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ በ2010 ኬቨን አንደርሰን የሚባል አዲስ ዲሬክተር ቀጠረ። አሠልጣኙ ራልፍ ፍሪጅን በዚያ ዓመት ዘጠኝ ጨዋታ አሸንፎ የሊጉ የዓመቱ አሠልጣኝ ተብሎ ነበር። የቀድሞዋ ዲሬክተር ደግሞ ጄምስ ፍራንክሊንን የወደፊት ተተኪ አድርጋ ውል ገብታለት ነበር። ፍራንክሊን በዲሴምበር ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄደ። አዲሱ ዲሬክተርም ፍሪጅንን በ2 ሚሊዮን ዶላር አሰናብቶ ራንዲ ኤድሶልን ቀጠረ። ዲሬክተሩ ቀደመ፣ አሠልጣኙ ተከተለ፤ ቅደም ተከተሉ እንደ መጽሐፉ ነው። ውጤቱ? በመጀመሪያው ዓመት ሁለት አሸንፎ አሥር ተሸነፈ። ኤድሶል በ2015 ተባረረ።

በዚያው ሰሞን የስፖርት ክፍሉ ዕዳ ውስጥ ገባና በ2012 ሰባት ቡድኖች ተዘጉ። ከተዘጉት ውስጥ የወንዶች የአገር አቋራጭ ሩጫ አንዱ ነበር። የሻምበል አበበ አገር ሰዎች ለዚህኛው ጆሮአችን ቀጥ ማለቱ አይቀርም። የፉትቦሉ ስታዲየም ባዶ ሲሆን ዕዳውን የሚከፍለው ሯጩና ዋናተኛው መሆኑን ያየነው ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ ዲሬክተር ስለቀደመ ብቻ ጥሩ አሠልጣኝ ይመጣል ብሎ የሚምል ሰው የሚያታልለው ራሱን ነው። ዲሬክተርም ይሳሳታል። የዲሬክተሩ መቅደም የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው። ይህም ምን እንደሆነ ያሳየን ያው ሜሪላንድ ነው፤ ያሳየን ግን በሰው ሕይወት ነው።

ኮሌጅ ፓርክ፣ 2018

በሜይ 29 ቀን 2018 የሜሪላንድ ፉትቦል ተጫዋቾች ልምምድ ላይ ነበሩ። የታዘዙት 110 ያርድ እየደጋገሙ መሮጥ ነው። ጆርደን ማክኔር የተባለ የ19 ዓመት ወጣት በሩጫው መካከል አቃተው። ሰውነቱ ከልክ በላይ ግሎ በሙቀት ተመታ። እንዲህ ያለው ሰው ወዲያው ሙቀቱ ተለክቶ በበረዶ ውሃ ውስጥ ይነከራል፤ ይህ በስፖርት ሕክምና የታወቀ ነው። ለጆርደን ይህ አልተደረገለትም። አምቡላንስ እስኪጠራ ድረስ ብዙ ጊዜ ባከነ። ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ በጁን 13 ሐኪም ቤት ውስጥ ሞተ። በኦገስት የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ዋላስ ሎ ወላጆቹ ፊት ቀርቦ ዩኒቨርሲቲው የሕግም የኅሊናም ኃላፊነት እንደሚወስድ ተናገረ። በ2021 ለቤተሰቡ 3.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ስምምነት ሆነ። ገንዘብ ልጅ አይሆንም።

በዚያ ጊዜ የስፖርት ዲሬክተሩ ወንበር በምን ሁኔታ ላይ ነበር? አንደርሰን ከኦክቶበር 2017 ጀምሮ በዕረፍት ስም ከቢሮው ርቆ ነበር። በኤፕሪል 2018 ለቀቀ። ቦታውን በተጠባባቂነት የያዘው ዴመን ኤቫንስ ነው። ኤቫንስ ቋሚ ዲሬክተር ሆኖ የተሾመው በጁን 25 ነው፤ ጆርደን በሞተ በአሥራ ሁለተኛው ቀን።

ልጁን የገደለው የባዶ ወንበር ነው ብሎ መናገር ትክክል አይሆንም። በዚያ ሜዳ ላይ የነበሩ ሰዎች ማድረግ የነበረባቸውን አላደረጉም። ነገሩን የመረመረው ኮሚሽን በኦክቶበር 2018 ያወጣው ሪፖርት ግን ከሜዳው አልፎ ቢሮውን አይቷል። በስፖርት ክፍሉ ውስጥ ተጠያቂነት እንዳልነበረ፣ ዲሬክተሩና ምክትሉ እንደማይስማሙ፣ ኃይለኛ ነው የተባለውን የአካል ማጠንከሪያ አሠልጣኝ ማን እንደሚቆጣጠረው በውል እንደማይታወቅ፣ ተጫዋቾቹም ለመናገር ይፈሩ እንደነበር ጻፈ። ትልልቆቹ ሊጎች በ2016 ባወጡት ደንብ በተጫዋች ጤና ላይ የመጨረሻው ቃል የጤና ባለሙያው እንጂ የአሠልጣኙ አይደለም። ደንቡ ነበረ። ደንቡን ይዞ አሠልጣኙ ቢሮ የሚገባ ሰው ያስፈልገው ነበር።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያስተምራል። በኦክቶበር 30 የዩኒቨርሲቲዎቹ የበላይ ቦርድ አሠልጣኙ ዲጄ ደርኪን በሥራው እንዲቀጥል ወሰነ። ተማሪው፣ የጆርደን ቤተሰብ፣ ፖለቲከኛው ሁሉ ተቆጣ። በማግሥቱ ፕሬዚዳንቱ ደርኪንን አባረረው። የቦርዱ ሊቀ መንበርም በሚቀጥለው ቀን ለቀቀ። አንድ አሠልጣኝ ይቆይ ወይስ ይሂድ ለሚለው ጥያቄ ቦርድና ፕሬዚዳንት በሃያ አራት ሰዓት ውስጥ ሁለት መልስ ሰጡ። ወንበሩ በጊዜው ቢከበር ኖሮ ጥያቄው እዚያ ሁሉ ባልደረሰ።

አገረ ገዥው ሲገባበት

አለቃው ሲጠፋ ቦታው ባዶ አይቆይም፤ የሚገባበት አለ። በ2025 ሉዊዚያና ውስጥ ያየነው ይህንኑ ነው። ኤል.ኤስ.ዩ. በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የስቴቱ ዩኒቨርሲቲ በኦክቶበር 26 አሠልጣኙን ብራያን ኬሊን አባረረ። ውሉ ገና ዓመታት ስለቀሩት ሊከፈለው የሚገባው 54 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ አገረ ገዥው ጄፍ ላንድሪ ለጋዜጠኞች ተናገረ። ዲሬክተሩ ስካት ውድዋርድ ቀጣዩን አሠልጣኝ እንደማይመርጥ፣ ከእርሱስ ዶናልድ ትራምፕ ቢመርጥ እንደሚመርጥ ገለጸ። በማግሥቱ ውድዋርድ ከሥራው ወጣ። ለእርሱም ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ይከፈለው ነበር። ፍለጋውን የመራው ምክትሉ የነበረው ቨርጅ ኦስቤሪ ሲሆን በኖቬምበር 30 ሌን ኪፊን ተቀጠረ።

አገረ ገዥው ባነሡት ነገር ላይ ቁም ነገር የለም ማለት አይቻልም። ውድዋርድ ከዚያ በፊት ቴክሳስ ኤ.ኤንድ.ኤም. ሳለ ጂምቦ ፊሸርን በ75 ሚሊዮን ዶላር ውል ያመጣ ሰው ነው። እርሱ ከሄደ በኋላ ውሉ ተራዘመና በ2023 ፊሸር ሲባረር ዩኒቨርሲቲው 76 ሚሊዮን ዶላር ያህል ዕዳ ተሸከመ። የሕዝብ ተወካይ «ይህን ውል የሚፈርመው ማነው?» ብሎ መጠየቁ ትክክል ነው። ጥያቄው የሚቀርበው ግን ለዩኒቨርሲቲው ቦርድ፣ በወግ በወጉ ነው። በጋዜጠኞች ፊት ዲሬክተር ሲሻር ያየ አሠልጣኝ አንድ ትምህርት ይቀስማል፤ በዚህ ቤት ውስጥ እውነተኛው አለቃ ማን እንደሆነ። ጌታዋን የተማመነች በግ ላቷን ውጭ ታሳድራለች። በባለገንዘብ ወይም በባለሥልጣን የተቀጠረ አሠልጣኝ ነገ ዲሬክተሩ «ይህን ልጅ ዛሬ አታሰልፈው፤ ታሟል» ቢለው ስልኩን አንሥቶ የሚደውልለት ሰው አለው።

ታዲያ ማን ይቅደም?

የዚህ ጸሐፊ አስተያየት አጭር ነው። አለቃው ይቅደም። ምክንያቱም አለቃው የተሻለ አሠልጣኝ ይመርጣል ተብሎ አይደለም፤ ሜሪላንድ በ2011 ያየነው ሌላ ነው። ምክንያቱ አሠልጣኙ ሥራ በጀመረበት የመጀመሪያ ቀን እምቢ የሚለው ሰው ቤት ውስጥ መኖር ስላለበት ነው። ከእርሱ በኋላ የመጣ አለቃ የሚያገኘው የተፈረመ ውል፣ የተሞላ የረዳቶች ዝርዝርና «እኔን የቀጠረኝ አንተ አይደለህም» የሚል ፊት ነው። ያንን ሰው ለመቆጣጠር ዓመታት ይፈጁበታል። በዓመታቱ መካከል ደግሞ ልጆች ይሮጣሉ፣ ይወድቃሉም።

ጊዜው በእውነት ካልበቃ አንድ መውጫ አለ። ተጠባባቂውን ሰው እንደ ሚሺጋኑ ሃኬት ማድረግ ነው። መቅጠርም፣ ማባረርም፣ ውል መፈረምም የእርሱ መሆኑን ፕሬዚዳንቱ በጽሑፍ ያሳውቅ። ቦርዱም፣ ባለገንዘቡም፣ አገረ ገዥውም ይስሙት። ሥልጣን የሌለው ተጠባባቂ አስቀምጦ አሠልጣኝ መቅጠር ግን ዳኛ ሳይኖር ጨዋታ እንደ መጀመር ነው።

ለወላጆችም አንድ ነገር እንጨምር። ልጅዎን ለመመልመል አንድ አሠልጣኝ ቤትዎ ቢመጣ፣ ቡናውን ጠጥቶ ስለ ስታዲየሙ ስፋትና ስለ ስኮላርሺፑ ሲያወራ በትሕትና ያዳምጡት። ሰውየው በማውራት ይተዳደራልና ያምርበታል። ሲጨርስ ሦስት ነገር ይጠይቁት። የእርስዎ አለቃ ማነው፣ ስሙንስ ይነግሩኛል? እርሱ ነው የቀጠረዎ ወይስ ከእርስዎ በኋላ የመጣ ነው? ልጄ ልምምድ ላይ ቢደክም «በቃ» የሚለው የጤና ባለሙያ የሚታዘዘው ለእርስዎ ነው ወይስ ለሌላ ሰው?

ሦስቱንም ሳይንተባተብ ከመለሰ ውሉን አንብበው ያስቡበት። ሁለተኛው ላይ ፈገግ ብሎ ወሬ ከቀየረ፣ ወይም ሦስተኛው ላይ «ለእኔ ነው» ካለ፣ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ይፈልጉ።